ትራይፖድ ፍለጋዬ፦ ለረጅም ሌንስና ለሌሊት ሰማይ

በኅዳር 2015 ዓ.ም፣ የሚካኤል ሰሞን፣ ከወንድሜ ጋር መንዝ ጓሳ ሄድን። ከአዲስ አበባ ወደ 260 ኪሎ ሜትር ይርቃል። በደብረ ብርሃንና በጣርማ በር ታልፎ ወደ መሐል ሜዳ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። ከፍታው ከ3,200 ሜትር በላይ ነው። ቀን ጭላዳ ዝንጀሮና ቀይ ቀበሮ አለ። ማታ ደግሞ የከተማ መብራት ያልነካው ሰማይ አለ። ለእኔ ከዚህ የተሻለ የፎቶ ቦታ የለም።

ካሜራዬ ካኖን 80ዲ ነው። ሁለት ሌንስ አለኝ። አንዱ ትንሹ 18-55 ሚሊ ሜትር ነው። ሌላው የአክስቴ ልጅ ከሜሪላንድ ስትመጣ በሻንጣዋ ይዛልኝ የመጣችው፣ ሩቁን የሚያቀርብ ያገለገለ ሲግማ 150-600 ነው። ሁለት ኪሎ ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው። ለእሱ ሁለት ዓመት ሙሉ ቆጥቤያለሁ። ካሜራው ስለሚቆምበት ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ፣ ስለ ትራይፖዱ፣ ግን ብዙም አላሰብኩም። ከአንድ ሱቅ ቀለል ያለና ርካሽ አገኘሁ። ካርቶኑ ላይ «እስከ 5 ኪሎ ይሸከማል» ይላል። ካሜራውና ሌንሱ አንድ ላይ 2.7 ኪሎ ነው። እንግዲህ በቂ ነው ብዬ ገዛሁ።

ጭላዳዎች ሌሊቱን ገደል ላይ ያድሩና ጠዋት ወደ ሜዳው ይወጣሉ። በማግስቱ ንጋት ላይ አንድ ትልቅ ወንድ ጭላዳ ከገደሉ አፍ ላይ መጥቶ ተቀመጠ። ጎፈሩን ነፋስ ይበትነዋል። ከእኔ 60 ሜትር ያህል ቢርቅ ነው። ብርሃኑ ገና ደካማ ስለነበር የሸተር ፍጥነቱን (ካሜራው ብርሃን የሚያስገባበትን ጊዜ) 1/60 ሰከንድ ላይ አድርጌ አርባ ያህል ፎቶ አነሳሁ። አዲስ አበባ ተመልሼ በኮምፒውተር ሳየው አንድም የጠራ አልነበረም። ዓይኑ ውስጥ ያለችው የብርሃን ነጥብ እንኳ ሁለት ሆና ነው የወጣችው።

የማታውም እንዲሁ ነው። ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ ኦሪዮን የሚባለው የከዋክብት ስብስብ በምሥራቅ በኩል ከፍ ብሎ ነበር። በ18 ሚሊ ሜትር፣ በ15 ሰከንድ አነሳሁት። ከዋክብቱ ነጥብ መሆን ሲገባቸው ጭረት ሆነው መጡ። መጀመሪያ የምድር መዞር ያመጣው መሰለኝ። ስሌቱ ግን እንደዚያ አይልም። ሻካራ ብትሆንም የምንጠቀምባት ስሌት አለች፦ 500ን በሚሊ ሜትር ለሚጻፈው የሌንሱ ርዝመት ማካፈል፤ የሚወጣው ቁጥር ከዋክብቱ ሳይሰመሩ ማንሳት የሚቻልበት ሰከንድ ነው። እንደ እኔ ካሜራ ሴንሰሩ (ምስሉን የሚቀበለው ክፍል) አነስ ያለ ካኖን ከሆነ ርዝመቱ መጀመሪያ በ1.6 ይባዛል። 18 በ1.6 ሲባዛ 29 ይጠጋል። 500 ለ29 ሲካፈል 17 ሰከንድ ነው። እኔ ያነሳሁት ከዚያ ባነሰ ጊዜ ነው። ደግሞ ምድር ስትዞር ከዋክብቱ በሙሉ ለስለስ ብለው ነው የሚሰመሩት። የእኔዎቹ መንጠቆ መንጠቆ ነበራቸው። ነፋሱ ትራይፖዱን ሲገፋውና ሲመልሰው ነው እንጂ ምድር እንደዚያ አትዞርም።

በጣም አዘንኩ። መንገዱ ሩቅ ነው፣ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፣ ያ ጭላዳ ደግሞ እንደገና እዚያው ቦታ ላይ ላይቀመጥ ይችላል።

ከተመለስኩ በኋላ ችግሩን በደንብ ልየው አልኩ። ኮንዶሚኒየማችን ጣሪያ ላይ ወጥቼ ሌንሱን ሩቅ ወዳለ የሕንፃ ማስታወቂያ አዞርኩ። የሌንሱን መንቀጥቀጥ መከላከያ አጠፋሁ። ሌንሱ የሚያየውን በስክሪኑ ላይ የሚያሳየውን ላይቭ ቪው ከፍቼ ምስሉን 10 እጥፍ አጎላሁት። ከዚያ የሌንሱን ጫፍ በጣቴ መታ አድርጌ ቆጠርኩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት። ምስሉ ገና እንደ ጄሊ ይወዛወዛል።

ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። «5 ኪሎ ይሸከማል» ማለት 5 ኪሎ ቢጫንበት አይሰበርም፣ አይወድቅም ማለት ነው። ያውም አምራቾች ሁሉ የሚስማሙበት አንድ መለኪያ የለም፤ እያንዳንዱ በራሱ መንገድ ለክቶ ነው የሚጽፈው። ለረጅም ሌንስ የሚያስፈልገው ሌላ ነገር ነው። ትራይፖዱ ሲነካ ምን ያህል ይወዛወዛል? ውዝዋዜውስ በስንት ሰከንድ ጸጥ ይላል? ይህን ካርቶን ላይ የሚጽፍ የለም። በእጅ መታ አድርጎ መቁጠር ብቻ ነው ያለው።

600 ሚሊ ሜትር ላይ ካሜራዬ ወደ ጎን የሚያየው 2 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው። ጨረቃ ግማሽ ዲግሪ ታክላለች። አራት ጨረቃ ጎን ለጎን ቢደረደሩ ፎቶውን ከዳር እስከ ዳር ይሞሉታል ማለት ነው። እዚያ ላይ የፀጉር ያህል ንቅናቄም ጉልህ ሆኖ ይታያል።

ከዚያ በኋላ ትራይፖድ ሳይ የማየው ነገር ተለወጠ። ቀድሞ ቁመቱንና ክብደቱን ነበር የማየው። አሁን መጀመሪያ የማየው የመጨረሻውን፣ የታችኛውን የእግር ክፍል ነው። ከሁሉም የሚቀጥነው እሱ ነውና ድክመቱ የሚወጣው እዚያ ነው። እግሩ አምስት ክፍል ያለው ትራይፖድ ቦርሳ ውስጥ ይገባል፤ ለጉዞ ደስ ይላል። ግን የታችኛው ክፍሉ እስክሪብቶ ያክላል። ሦስት ክፍል ያለው ረዘም ብሎ ለመያዝ ቢያስቸግርም እግሩ እስከ ታች ወፍራም ነው። መገጣጠሚያውም ስለሚያንስ የሚላላ ቦታ ይቀንሳል።

ሁለተኛው የመሐሉ ዘንግ ነው። ያንን ዘንግ ወደ ላይ ስታወጡት ትራይፖዱ ሦስት እግር መሆኑ ቀርቶ ካሜራው አንድ ዱላ ላይ ይቀመጣል። የመጀመሪያው ትራይፖዴ ቁመቱ የሚሞላው ዘንጉ ሙሉ በሙሉ ሲወጣ ብቻ ነበር። እባካችሁ የምትገዙትን ትራይፖድ ቁመት ዘንጉን ሳታወጡ ለኩት። ለረጅም ሌንስ አንገት ድረስ ባይደርስ እንኳ ጎንበስ ማለት ይሻላል።

ሦስተኛው የትራይፖዱ ራስ ነው፤ ካሜራው የሚቀመጥበት። የድሮው ትራይፖዴ ራስ ትንሽ ኳስ ነበር። ጭላዳውን መሐል ላይ አድርጌ አጠብቀዋለሁ። እጄን ስለቅ ሌንሱ ቀስ ብሎ ወደ ታች ይሰምጣል። ትልቅና ጥሩ የኳስ ራስ እንዲህ አያደርግም፤ ዋጋው ግን ከእግሩ ሊበልጥ ይችላል። በአነስተኛ ብር ለሚገዛ ሰው ባለ ሦስት እጀታው ራስ ይሻላል ብዬ አምናለሁ። አንዱ እጀታ ለላይና ታች፣ አንዱ ለግራና ቀኝ፣ አንዱ ለማዘንበል ነው። ዘገም ይላል እንጂ የጠበቀው ቦታ ላይ ይቆያል። ጨረቃን ለሚያነሳ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ጨረቃ በሁለት ደቂቃ ውስጥ የራሷን ስፋት ያህል ከቦታዋ ትሄዳለች። በረጅም ሌንስ ደጋግሞ በትንሽ በትንሹ መከተል ያስፈልጋል።

ለትራይፖዱ የያዝኩት 10 ሺህ ብር ነበር። የካርቦን ፋይበሩን ገና ዋጋውን ስሰማ ተውኩት። ክብደቱን ይቀንሳል፤ የእኔ ችግር ግን መሸከሙ አልነበረም። በዚያ ብር የሚገኙት አዳዲሶቹ ደግሞ ሁሉም ቀጫጭን ነበሩ። ስለዚህ ያገለገለ ለመፈለግ ወሰንኩ። በከተማችን ለብዙ ዓመት ሠርግ ሲቀርጹ የኖሩ ሰዎች አሉ። ዕቃቸው ወፍራምና ከባድ ነው፤ አሁን ብዙዎቹ ቀላል ካሜራ ስለያዙ የድሮውን ይሸጡታል።

ሦስት ሳምንት ጠያይቄ አንድ ትልቅ ሰው ጋ ደረስኩ። ሠርግ መቅረጽ ትተው ዕቃቸውን እየሸጡ ነበር። ጥግ ላይ አንድ የድሮ ማንፍሮቶ 055 ትራይፖድ አለ። አሉሚኒየም፣ ባለ ሦስት ክፍል፣ እግሩ ብቻ 2.4 ኪሎ የሚመዝን። ባለ ሦስት እጀታ ራስ አለው።

«ጋሼ፣ ሌንሴን ጭኜ ልሞክረው?» አልኳቸው።

«ሞክሪው እንጂ! ዕቃ ሳይሞከር ይገዛል እንዴ?»

ግቢው ውስጥ ዘረጋሁት። 600 ላይ አድርጌ መታ አደረግኩ። «አንድ» ብዬ ሳልጨርስ ምስሉ ቆመ። ደግሜ መታሁት። ያው ነው። አንዱ እግር ግን ጫን ስለው ይሸሻል። ደነገጥኩ። እሳቸው ግን ከኪሳቸው ትንሽ መፍቻ አውጥተው የማጠፊያውን ብሎን ሩብ ዙር አጠበቁት። «ይሄ በየጊዜው ይላላል፤ መፍቻውን ውሰጂው» አሉኝ። አንዱ የእግር ጎማም ጠፍቶ ነበር። በ7 ሺህ 500 ብር ተስማማን።

የጠፋውን ጎማ የሕክምና ዕቃ ከሚሸጥበት ቤት በገዛሁት የክራንች ጎማ ተካሁት። በልክ ነው የገባው። ሌላ ችግርም አገኘሁ። ሌንሱ የትራይፖዱ ራስ ላይ የሚታሰረው በአንድ ብሎን ስለሆነ ክብደቱ ወደ ጎን ያዞረዋል። ከብስክሌት ጎማ የውስጥ ላስቲክ ትንሽ ቆርጬ በሌንሱ እግርና በማሰሪያው መሐል አደረግኩበት። ከዚያ በኋላ አልዞረም። በነገራችን ላይ ረጅም ሌንስ የራሱ ማሰሪያ እግር ካለው ትራይፖዱ ላይ መታሰር ያለበት በእሱ ነው። በካሜራው በኩል ካሰራችሁት ክብደቱ በሙሉ ወደ ፊት ያዘነብላል፤ ሌንሱ የሚገጠምበትን የካሜራውን አፍም ይጎዳል።

የገና ዋዜማ ጨረቃ ሙሉ ነበረች። ቤት ውስጥ ዶሮው እየተሠራ እኔ ጣሪያ ላይ ነበርኩ። አይኤስኦ (የካሜራው የብርሃን ስሜት) 100፣ አፐርቸር (የሌንሱ ቀዳዳ) 8፣ ሸተር 1/125። የካሜራው መስተዋት ቀድሞ እንዲነሳ አደረግኩ፤ ሲነሳ የሚፈጥረው ምት ራሱ ረጅም ሌንስን ያንቀጠቅጣል። ሸተሩንም በጣቴ አልነካሁም፣ በ2 ሰከንድ ሰዓት ቆጣሪው ተጠቀምኩ። ምስሉን ሳጎላው ጨረቃ ላይ ካለው ከቲኮ ጉድጓድ የሚነሱት ነጫጭ ጨረሮች አንድ በአንድ ይለያሉ። እናቴን ጠርቼ አሳየኋት። ዕጣን ዕጣን በሚል ነጠላዋ እጇን ጠርጋ ስክሪኑን ያዘችና ዝም ብላ ብዙ አየችው።

የካቲት ላይ ጓሳ ተመለስን። የቅበላ ቅዳሜና እሑድ ነበር፤ ዐቢይ ጾም ሰኞ ይገባል። ያንን ቀን የመረጥነው ጨረቃ ስለማትኖር ነው። በዚያ ወቅት የፍኖተ ሐሊብ (ሰማዩን እንደ ነጭ መንገድ የሚያቋርጠው የከዋክብት ጭፍራ) መሐል በደቡብ ምሥራቅ የሚወጣው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተኩል አካባቢ ነው፤ 10 ሰዓት ሲያልፍ ለፎቶ በቂ ከፍታ ይይዛል።

ነፋሱ ከኅዳሩም ይብስ ነበር። መጀመሪያ ቦርሳዬን ትራይፖዱ መሐል ላይ አንጠለጠልኩት፤ ብዙ ሰው እንደዚያ አድርጉ ይላል። ነፋሱ ቦርሳውን እንደ ደወል ያወዛውዘው ጀመር። እሱ ሲወዛወዝ ካሜራውም አብሮ ይወዛወዛል። ስለዚህ ቦርሳውን መሬት አስነክቼ ገመዱን ወጠርኩት። ክብደቱ ወደ ታች ይጎትታል፣ ቦርሳው ግን አይንቀሳቀስም። የጓሳ ሣር ደግሞ እንደ ፍራሽ ነው፤ እግሮቹን ላዩ ላይ ብታቆሙ ቀስ እያሉ ይሰምጣሉ። ሣሩን ፈልቅቄ ጠንካራው አፈር ድረስ ተጫንኳቸው። የታችኛውን የእግር ክፍል ጭራሽ አላወጣሁትም። ተቀምጬ ነው የሠራሁት። ዝቅ ሲል ነፋሱም ይቀንሳል።

ባለ ሦስት እጀታ ራስ ሰማይ ላይ አንድ ችግር አለው። ብዙዎቹ ወደ ፊት እንደልብ ያዘነብላሉ፣ ወደ ኋላ ግን ትንሽ ሄደው ይቆማሉ። ካሜራውን ወደ ላይ ማቅናት አቅቶኝ ስታገል ወንድሜ «ገልብጠሽ እሰሪው» አለኝ። እውነቱን ነው። ካሜራውን ፊቱን ወደ እጀታው በኩል አዙሬ ሳስረው እስከ ሰማዩ አናት ድረስ ወጣልኝ።

በ15 ሰከንድ ሠላሳ ያህል አነሳሁ። ነፋሱ በጣም ያየለባቸው ሁለት ሦስቱ ብቻ ተበላሹ። በሌሎቹ ከዋክብቱ ነጥብ ናቸው፤ የፍኖተ ሐሊብ ጥቁር ጅማቶች ሳይቀሩ ተለይተው ይታያሉ። ብረቱ ግን እጅ ያቃጥላል፣ እንደ በረዶ ነው። የላይኛውን የእግር ክፍል በስፖንጅና በፕላስተር የጠቀለልኩት ከዚያ ሌሊት በኋላ ነው።

ሲነጋ ጭላዳዎቹ ወጡ። ያኛው ወንድ ይሁን ሌላ እንጃ። ሸተሩ እንደ ኅዳሩ 1/60 ላይ ነበር። ደረቱ ላይ ያለው ቀይ ቆዳ፣ ሣር የሚነቅሉት ጣቶቹ፣ ጎፈሩ ላይ የተንጠለጠለችው ጤዛ ሁሉ ጥርት ብለው መጡ። ወንድሜ በትንሿ ስክሪን እያየ «ይሄኛው ይታተም» አለ። አሁን ሳሎናችን ግድግዳ ላይ ነው።