ከእስር ቤት በር እስከ ክሊኒክ በር

ሰው ከእስር ሲፈታ ሁሉም ደስ ይለዋል። መድኃኒትህ ለስንት ቀን ይበቃሃል ብሎ የሚጠይቅ ግን እምብዛም የለም። የእኔ ሥራ ይሄን መጠየቅ ነው። ኤችአይቪ በደማቸው ያለ ሰዎች ከእስር ሲወጡ ህክምናቸው እንዳይቋረጥ አግዛለሁ። ራሴም የኤችአይቪ መድኃኒት እወስዳለሁ፣ ስለዚህ ጉዳዩ ለእኔ የሌላ ሰው ጉዳይ አይደለም።

ብዙ ሰው እስር ቤት እያለ መድኃኒቱን በሥርዓት ይወስዳል፣ ቫይረሱም በምርመራ እስከማይታይ ይወርድለታል። የሚበላሸው ከወጣ በኋላ ነው። ቴክሳስ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2004 እስከ 2007 ከእስር የተፈቱ ከ2,000 በላይ ሰዎችን የተከታተለ ጥናት አለ። ሲወጡ የ10 ቀን መድኃኒት ይሰጣቸው ነበር። በነዚያ 10 ቀናት ውስጥ ቀጣዩን መድኃኒት ከፋርማሲ ያወጡት ከመቶ 5 ያህሉ ብቻ ነበሩ፤ በ60 ቀን ውስጥ እንኳ ከመቶ 30 ነው የደረሰው። መድኃኒት ሲቋረጥ ደግሞ ቫይረሱ አብዛኛውን ጊዜ በሳምንታት ውስጥ ተመልሶ ይነሳል። ከዚያ ጥናት እኔ የያዝኩት ግን ሌላ ነገር ነው፦ የመድኃኒት ድጋፍ ማመልከቻውን ሲሞሉ ሰው ያገዛቸው፣ መድኃኒታቸውን የማውጣት ዕድላቸው የተሻለ ነበር። አንድ ፎርም አብሮ መሙላት ይህን ያህል ለውጥ ካመጣ፣ እኔም ማድረግ የምችለው ነገር አለ ማለት ነው።

እና ከየት ጀመርኩ? ከመውጫው ቀን አይደለም። ጉዳዩ ገና በፍርድ ቤት ያለ ሰው መቼ እንደሚወጣ ማንም አያውቅም። ጠዋት ፍርድ ቤት ሄዶ ከሰዓት በዋስ ተለቆ ሊቀር ይችላል፣ መድኃኒቱ እስር ቤት እንደቀረ። ስለዚህ የመውጫ ዕቅዱን ሰውየው እንደገባ ነው የምንሠራው። አንድ ገጽ ትበቃለች። የሚወስደው መድኃኒትና መጠኑ፣ የመጨረሻው የቫይረስ መጠን ውጤት፣ የሚቀጥልበት ክሊኒክ፣ እዚያ ስሙን ጠርቶ የሚቀበለው ሰው። ቲቢ ካለበት ይሄ በጉልህ ይጻፋል፤ ምክንያቱም ዶሉቴግራቪር የተባለውን የኤችአይቪ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሪፋምፒሲን ያለበት የቲቢ ህክምና ላይ ከሆነ በቀን አንዴ የሚወስደው ወደ ሁለት ጊዜ ከፍ ይላል። አዲሱ ክሊኒክ ይህን ካላወቀ መጠኑ ሊያንስበት ነው።

ወረቀቱን ማን ይያዘው የሚለውን የሚወስነው ባለቤቱ ነው። ቤተሰብ ቦርሳዬን ይፈትሻል የሚል ሰው አለ። እሱ ከፈቀደ በቀጥታ ለክሊኒኩ ይላካል። ስልክም እንደዚያው ነው። ቁጥር ከመቀበሌ በፊት ማን ነው የሚያነሳው፣ ስደውል ማን ነኝ ልበል ብዬ እጠይቃለሁ። በአንድ ግድ የለሽ የስልክ ጥሪ የሰው ትዳርም ሥራም ሊፈርስ ይችላል!

በሚወጣበት ቀን የሚቻል ከሆነ በሩ ላይ እጠብቃለሁ፣ አብረን ወደ ክሊኒኩ እንሄዳለን። መጀመሪያ የምጠይቀው ግን ስለ ኪኒን አይደለም። "ዛሬ ማታ የት ነው የምታድረው?" ነው። ማደሪያ የሌለውን ሰው ስለ ቀጠሮ ብትሰብከው ጆሮው አይሰማህም፣ ደግሞም እውነቱን ነው። ማደሪያ፣ መታወቂያ፣ የሚበላ ነገር፣ እነዚህን ስናፈላልግ ነው ህክምናውም መስመር የሚይዘው።

አደንዛዥ ዕፅ ይጠቀም ለነበረ ሰው የመጀመሪያዎቹ ቀናት በጣም አስፈሪ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ የዋሽንግተን ግዛት ጥናት እንዳሳየው፣ ከእስር በወጡ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት የመሞት አደጋ ከሌላው ሕዝብ ከ12 እጥፍ በላይ ነበር፤ ዋነኛው ገዳይም ከልክ ያለፈ ዕፅ ነው። እስር ቤት ሳለ ሰውነቱ ዕፁን መልመዱን ትቷል፣ የድሮው መጠን አሁን ይገድለዋል። ይህን ፊት ለፊት እነግረዋለሁ። ለሄሮይን ዓይነት ሱስ የሚሰጠውን መድኃኒት ሜታዶንን ጀምሮ ከሆነ ያለ ማቋረጥ እንዲቀጥል፣ እንዲህ ያለ ዕፅ ከልክ በላይ የወሰደን ሰው የሚያነቃው ናሎክሶን የሚገኝበት ቦታ ከሆነም ይዞ እንዲወጣ አደርጋለሁ።

ሰው ላይ ተስፋ ሲዘራ ያየሁት ግን ስለ ፍቅር ስናወራ ነው። "ወደ ባለቤቴ እንዴት ልመለስ?" የሚል ጥያቄ ሁሌም አለ። መድኃኒቱን ሳያቋርጥ የሚወስድና ቫይረሱ በምርመራ የማይታይ ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ቫይረሱን አያስተላልፍም። ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰሙ ሰዎች አሁንም ያጋጥሙኛል። ከዚያ በኋላ መድኃኒቱን የሚይዙበት አያያዝ ይለወጣል።

ከእስር ቤት ኃላፊዎች ጋር ስነጋገር እንደ ውለታ አልለምንም። የተባበሩት መንግሥታት በ2015 እ.ኤ.አ. ያጸደቃቸው የእስረኞች አያያዝ ደንቦች፣ የማንዴላ ደንቦች የሚባሉት፣ ደንብ 24 ላይ፣ የኤችአይቪና የቲቢን ጨምሮ ህክምና ሳይቋረጥ እንዲቀጥል በግልጽ ይላሉ። ጨዋታው ከዚህ ሲጀመር በሩ ቶሎ ይከፈታል። ከዚያ በኋላ ግን ሥራውን የሚያስኬደው ደንቡ ሳይሆን ከውስጥ ያለችው ነርስ ናት። ነገ ፍርድ ቤት የሚቀርብ ካለ ቀድማ ትደውላለች፣ መድኃኒቱን ይዞ እንዲሄድ ታደርጋለች።

ቀጠሮ ያለፈበትን ሰው አልቆጣም። "እንኳን መጣህ" ነው የምለው፣ ከልቤ ነው። ተመልሶ የታሰረ ካለም ያችው ነርስ ጋር በዚያው ቀን እደውላለሁ፣ ያችን አንድ ገጽ አድሰን እንልክላታለን፣ መድኃኒቱም እዚያው ይቀጥላል።