ጅራፍ ከድምፅ ይፈጥናል ወይ? በስልክ ለክቼ ያየሁት

ነገሩ የተጀመረው በውርርድ ነው። ባለፈው ክረምት፣ ቡሄ ሊገባ ሳምንት ሲቀረው፣ የ13 ዓመቱ የእህቴ ልጅ አዲስ ጅራፉን ትከሻው ላይ ጥሎ መጣ። «ጋሼ፣ ይሄ ጅራፍ ከድምፅ እንደሚፈጥን ታውቃለህ?» አለኝ። ስልኩ ላይ አይቶ ነው። «ባክህ ሂድ፣ ከድምፅ የሚፈጥነው ተዋጊ ጀት ነው» አልኩት። «እሺ፣ ካላመንክ ለካዋ!» ብሎኝ ሄደ።

እኔ የኮምፒዩተር ኔትወርክ ሠራተኛ ነኝ። ፊዚክስን የተሰናበትኩት 12ኛ ክፍል ላይ ነው። ደግሞ በዚሁ በድምፅ ፍጥነት ጉዳይ አንድ ጊዜ ተዋርጃለሁ። ከዋሽንግተን ወደ አዲስ አበባ ስበር ነው። አትላንቲክ ላይ ሆነን ከፊቴ ያለው ስክሪን ፍጥነታችን በሰዓት 1,100 ኪሎ ሜትር፣ የውጭው ሙቀት ደግሞ ከዜሮ በታች 56 ዲግሪ መሆኑን ያሳያል። እንዲህ በቀዘቀዘ አየር ድምፅ የሚጓዘው በሰዓት 1,062 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አካፈልኩት፤ 1.04 መጣ። ከድምፅ አልፈናል ማለት ነው! ቦሌ እንደደረስኩ ለዘመድ አዝማድ ሁሉ አወራሁ።

አንድ አብራሪ ጓደኛዬ እስኪበቃው ሳቀብኝ። ስክሪኑ ላይ ያለው ፍጥነት ከመሬት አንጻር ነው። የዚያን ቀን ከኋላ የሚገፋን ነፋስ ብቻውን 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። በዙሪያችን ካለው አየር አንጻር የሄድነው 900 ነው፤ የድምፅን ፍጥነት 0.85 ያህሉን፣ በሙያው ቋንቋ ማክ 0.85 ማለት ነው። ዘመናዊ የረጅም ርቀት አውሮፕላኖች ሁሌም የሚበሩት በዚያ አካባቢ ነው። ወንዝ ውስጥ ቁልቁል የሚዋኝ ሰው የወንዙን ፍጥነት ከራሱ ጋር ደምሮ «ዋናተኛ ነኝ» እንደሚለው ዓይነት ነው የሆንኩት።

ስለዚህ በዚህኛው ውርርድ ተጠነቀቅኩ። ማክ ክፍልፋይ ነው። ትምህርት ቤት ላዕልና ታሕት ያልናቸውን አስታውሱ። ላዕሉ የዕቃው ፍጥነት ነው፣ በዙሪያው ካለው አየር አንጻር። ታሕቱ በዚያው ቦታ፣ በዚያው ሰዓት ያለው የድምፅ ፍጥነት ነው። ስሙ የተወሰደው እ.ኤ.አ. በ1887 ከፒተር ሳልቸር ጋር ሆኖ በበረራ ላይ ያለ ጥይት አየሩ ውስጥ የሚፈጥረውን ሞገድ በፎቶ ካሳየው ከኦስትሪያዊው ኤርንስት ማክ ነው። ስሙን ያወጣለት ግን ስዊዘርላንዳዊው ያኮብ አከሬት ሲሆን፣ ዘመኑም 1929 ነበር።

አውሮፕላን ይህን ክፍልፋይ የሚያገኘው በሚያስቀና ዘዴ ነው። ወደ ፊት የተደገነች ቀጭን ቱቦ አለችው። ከፊት እየመጣ የሚገጫትን አየር ግፊት ትወስዳለች። ጎኑ ላይ ያሉ ትንንሽ ቀዳዳዎች ደግሞ የተረጋጋውን አየር ግፊት ይወስዳሉ። የሁለቱ ንጽጽር ማክን በቀጥታ ይሰጣል፤ ቴርሞሜትር እንኳ አያስፈልግም። የፊቱ ግፊት የጎኑን 1.89 እጥፍ ሲሆን ማክ 1 ላይ ናችሁ። ጅራፍ ጫፍ ላይ ቱቦ መግጠም ስለማይቻል ግን እኔ ላዕሉንም ታሕቱንም ለየብቻ መለካት ነበረብኝ።

ከታሕቱ ጀመርኩ። ፋይፎክስ የሚባል ነፃ መተግበሪያ አለ፣ ጀርመን አኽን ከተማ ያለ ዩኒቨርሲቲ የሠራው። ውስጡ በድምፅ የሚነሳና በድምፅ የሚቆም የሰዓት ቆጣሪ አለው። ሁለት ስልክ በ20 ሜትር ርቀት አስቀመጥን። እኔ በእኔ ስልክ አጠገብ አጨበጭባለሁ፤ ሁለቱም መቁጠር ይጀምራሉ፣ የልጁ ስልክ ግን ድምፁ እስኪደርሰው ትንሽ ይዘገያል። ቀጥሎ እሱ ያጨበጭባል፤ የእሱ ወዲያው ይቆማል፣ የእኔ ይዘገያል። የሁለቱ ንባብ ልዩነት ድምፁ ሄዶ ለመመለስ የፈጀው ጊዜ ነው። ደርሶ መልስ መሆኑ ጥሩ ነው፤ ነፋስ ቢኖርም በአንዱ አቅጣጫ የሰጠውን በሌላው ይወስደዋል።

የመጀመሪያው ውጤት 322 ሜትር በሰከንድ ሆነ። «ያው አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ነው፣ አየሩ ስስ ነው» ብዬ ተንትኜ ጨረስኩ። ልጁ ግን «ሜትሩን በእርምጃ አይደል እንዴ የለካኸው?» አለ። ከጎረቤት የአናጢ ሜትር ተውሰን ስንለካ 20 ያልነው ከ21 በላይ ሆኖ ተገኘ። አስተካክለን አሥር ጊዜ ደገምን። ከ337 እስከ 345 መጣ፤ አማካዩ 341 ነው። ቴርሞሜትሩ 16 ዲግሪ ይላል። ቀላሉ ቀመር ዲግሪውን በ0.6 አባዝተህ 331 ላይ ደምር ይላል። ደመርኩ፤ 341 መጣ። ደስታዬን አትጠይቁኝ።

ስለ ከፍታው የተነተንኩትም ባዶ ነበር። ወደ ላይ ሲወጣ የአየሩ ግፊት ይቀንሳል፣ እፍጋቱም አብሮ ይቀንሳል። ለድምፅ ፍጥነት የሁለቱ ድርሻ ይጣፋል፤ የሚቀረው ሙቀት ብቻ ነው። ስለዚህ ድምፅ አዲስ አበባ ላይ የሚዘገየው ከተማዋ ከፍ ስላለች ሳይሆን ስለቀዘቀዘች ነው። ዳሎል ላይ በ40 ዲግሪ 355 ይደርሳል። ያው ጅራፍ፣ ያው ክንድ ይሁን፤ እዚያ የማክ ቁጥሩ ዝቅ ይላል።

ይህ የታሕት ጨዋታ ታሪክ ላይም አለ። እ.ኤ.አ. በ1947 ቸክ ዬገር ቤል ኤክስ-1 በተባለችው አውሮፕላን ድምፅን ሲያልፍ ማክ 1.06 ነበር፤ በሰዓት 1,127 ኪሎ ሜትር ገደማ። ይህን ፍጥነት 15 ዲግሪ ወዳለው የባሕር ጠለል አየር አምጡት፤ 0.92 ብቻ ይሆናል። ከ50 ዓመት በኋላ፣ በ1997፣ አንዲ ግሪን ኔቫዳ በረሃ ላይ ትረስት ኤስኤስሲ የተባለውን መኪና በሰዓት 1,228 ኪሎ ሜትር ነዳ። ከዬገር በ100 ኪሎ ሜትር በልጦ፣ ሞቅ ያለ አየር ውስጥ ስለሆነ ማክ 1ን ያለፈው ለጥቂት ነው።

ላዕሉ ግን መከራዬን አሳየኝ።

ስልኬ በሰከንድ 240 ምስል ያነሳል። «ስሎው ሞሽን» ሲባል ሁሉን የሚያይ ይመስለኝ ነበር። ሒሳቡን ያሰላሁት ሙሉ ከሰዓት አባክኜ ነው። በሁለት ምስል መካከል 4.2 ሚሊሰከንድ አለ። በድምፅ ፍጥነት የሚሄድ ነገር በዚህ ጊዜ 1.4 ሜትር ያልፋል። ጅራፋችን በጠቅላላው 2.6 ሜትር ነው! አንዱ ምስል ላይ አለ፣ ቀጣዩ ላይ ጮሆ ጨርሷል። ነሐሴ ደግሞ ሰማዩ ደመና ነው። ብርሃን ሲያንስ ካሜራው ረዘም አድርጎ ስለሚያይ ጫፉ ጭስ ይመስላል። በዚያ ላይ በመጀመሪያው ቀን ጠጋ ብዬ ስቀርጽ ጆሮዬን ጫረኝ። ከዚያ ወዲህ መነጽር አድርጌ ስድስት ሜትር ርቄ ነው የቆምኩት። እናንተም እንደዚያ አድርጉ።

መፍትሔውን የሰጡን ጅራፉን የገመዱት የግቢያችን ጥበቃ ናቸው፤ የደቡብ ጎንደር ሰው ናቸው። እኔ እንደ ጎበዝ ልሞክር ብዬ ባለ በሌለ ኃይሌ ስወነጭፍ ጢስ እንኳ አልወጣውም። «ልጄ፣ በጉልበት አይደለም» አሉኝ። «ወደ ፊት ስደደውና ቶሎ መልሰህ ሳበው። እጥፍ ሲል እጥፉ ራሱ ይሄዳል።»

እጥፉ! ቪዲዮውን እንደገና ከፈትኩ። እውነትም ጅራፉ ላይ አንድ እጥፋት ተፈጥሮ ከእጀታው ወደ ጫፉ ይሮጣል። ጫፉ ባይታይም እጥፋቱ መጀመሪያ ላይ ይታያል። መሐል አካባቢ በሰከንድ 70 ሜትር ይደርሳል። ጅራፍ ከእጅ በኩል ወፍራም፣ ወደ ጫፉ እንደ ክር ነው። እጥፋቱ ይዞት የሚሄደው ጉልበት ወደ ቀጭኑ ሲደርስ የሚሸከመው ክብደት ስለሚያንስ ፍጥነቱ ይጨምራል። «ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮሃል» ስንል ኖረናል። ሲጮህ ግን ከአየር በቀር የገረፈው ነገር የለም።

እጥፋቱ የሚጠፋብኝ የመጨረሻው አንድ ሜትር ላይ ነው። እዚያ ዓይን ካልረዳኝ ጆሮ ይርዳኝ አልኩ። ቪዲዮው የሚቀዳው ድምፅ በሰከንድ 48,000 ጊዜ የተነበበ ነው፤ ከምስሉ 200 እጥፍ ይበልጣል። እጥፋቱ ሜትር ሲቀረው ያለውን ምስል ይዤ፣ ጩኸቱ ስንት ሚሊሰከንድ ቆይቶ እንደመጣ ማየት ነው። እዚህም አንድ ጉድጓድ ነበረ። ድምፁ ስድስት ሜትር ለመምጣት ወደ 18 ሚሊሰከንድ ይፈጃል፤ ከአራት ምስል በላይ ማለት ነው። ስልኩ ራሱ ምስልና ድምፅን እኩል ማስኬዱንም አላመንኩትም። ስለዚህ ልጁን ጅራፉ የሚጮህበት ቦታ አቁሜ አስጨበጨብኩት። እጁ ሲገናኝና ድምፁ ሲሰማ ያለውን ልዩነት ወስጄ ከሁሉም ላይ ቀነስኩ። ይህች ጭብጨባ ከሁሉም የተሻለች ሥራዬ ናት ብዬ አስባለሁ።

የመጀመሪያው ልክ አምስት ሚሊሰከንድ ሆነ። ሜትሩን በአምስት ሚሊሰከንድ መሮጥ በአማካይ 200 ሜትር በሰከንድ ነው። ከ70 ተነስቶ አማካዩ 200 ከሆነ፣ እኩል እየጨመረ ከሄደ መጨረሻው 330 ነው። ልጁ መዝለል ጀመረ። ቆይ አልኩት። አንዱ ምስል የሁለት ሚሊሰከንድ ስህተት ሊኖረው ይችላል። ሦስት ከሆነ ወደ 600፣ ሰባት ከሆነ 216 ይመጣል። ይህ ልኬት ሳይሆን ግምት ነው።

ስለዚህ ደጋገምን። 31 ጊዜ አጮኸ። የጫፉ ቃጫ ተበጣጥሶ ሁለት ጊዜ ታሰረ። ጎረቤት «ዘንድሮ ቡሄ ስንት ቀን ነው?» አለ። ከ31ዱ እጥፋቱ በደንብ የታየባቸው 14 ብቻ ናቸው። አማካያቸው 5.2 ሚሊሰከንድ፣ ስህተቱ ከግማሽ ሚሊሰከንድ በታች። እጥፋቱ ጫፍ ሲደርስ በሰከንድ 315 ሜትር ገደማ፤ ሲሰፋ ከ290 እስከ 345። በ341 ሳካፍለው 0.92 መጣ።

«አላለፈም!» ብዬ ልፎክር ስል ነው የተሳሳትኩት። እጥፋቱና ጫፉ አንድ አይደሉም። የመኪና ጎማን አስቡ፤ አናቱ የሚሄደው በመኪናው እጥፍ ነው። ጅራፉም ላይ ገና ያልታጠፈው ክፍል ከእጥፋቱ እጥፍ ይፈጥናል። ስለዚህ ጫፉ 630 ሜትር በሰከንድ፣ ማክ 1.85 ገደማ ነው። ዝቅተኛውን ብወስድ እንኳ 1.7 ነው። እኩል ይጨምራል ያልኩት ግምትም ያደላው ለእኔ ነው፤ መጨረሻው ላይ ይበልጥ የሚፈጥን ከሆነ እውነተኛው ቁጥር ከዚህ ከፍ ይላል።

ኋላ ሳነብ ሳይንቲስቶችም በዚሁ እጥፍ ተቸግረው እንደነበር አየሁ። ጫፉ ጩኸቱን የሚያወጣው ማክ 2 አካባቢ ሲደርስ ነበር። ማክ 1ን ሲያልፍ ለምን አይጮህም? እ.ኤ.አ. በ2002 የአሪዞና ዩኒቨርሲቲዎቹ አለን ጎሪሊና ታይለር ማክሚለን መልሱን በሒሳብ አሳዩ፤ የሚጮኸው እጥፋቱ ራሱ የድምፅን ፍጥነት ሲደርስ ነው። የእኔ 0.92 ከዚያ ብዙም አልራቀም።

ውርርዱን ከፍያለሁ፤ አንድ ኳስ። ለሚቀጥለው ልኬት ግን ደመና የሌለበት ሰማይ ያስፈልገኛል፤ ታኅሣሥ ላይ ማለት ነው። ልጁ እስካሁን እሺ አላለም። «ጋሼ፣ ለገና ጅራፍ የሚያጮህ ሰው ሰፈር ውስጥ ምን እንደሚባል ታውቃለህ?» ነው የሚለኝ።