ኮድ የሌለው ሽታ

«ልጄ፣ እኔን የሚሸተኝ ኮድ አይደለም፤ ቤንዚን ነው።»

ይህች መልስ አዳማ ውስጥ ፍራንኮ አካባቢ ባለ አንድ ጋራዥ እስካሁን ትጠቀሳለች። የተሰጠችው የመኪናን ብልሽት በኮድ የሚናገረውን የምርመራ ማሽን ሶኬት ከመሪው ሥር ነቅሎ «እናት፣ ምንም ኮድ የለም፤ መኪናዋ ሰላም ናት» ላለ የኤሌክትሪክ ልጅ ነው። ባለመኪናዋ ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው፤ መኪናዋ የድሮዋ ቶዮታ ቪትዝ። ከዚያ በፊት ሌላ ቦታ የነዳጅ ፓምፕ ተቀይሮላቸዋል። ሽታው ከዚያ ወዲያ ሲጀምር እዚያው ተመልሰው «የቤንዚኑ ጥራት ነው» ተባሉ፤ ሲደግሙ «መስኮት ከፍተው ይንዱ»። ባለቤታቸው ደግሞ የራሳቸውን ምርመራ ጨመሩበት፤ «አፍንጫሽ ነው።»

ልጁ አልተበገረም። «ቢያፈስ ኖሮ ማሽኑ ያሳይ ነበር» አለ።

አያሳይም። ማሽኑ የሚያነበው መኪናው ራሱን ፈትሾ የመዘገበውን ብቻ ነው። ፒ0442 እና ፒ0455 የሚባሉት የቤንዚን ትነት ማምለጥን የሚናገሩ ኮዶች የሚመጡት የትነት መስመሩን አጥብቆ የሚፈትሽ ሥርዓት በተገጠመለት መኪና ላይ ነው፤ ለአሜሪካ ገበያ የተሠሩት አላቸው። ለጃፓን ገበያ የተሠራች አሮጌ ቪትዝ ግን ያ ፈተና የላትም። ያልተፈተነ ነገር ውጤት ከየት ይመጣል? ማሽኑ ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። ሽታው ከማርሚታ የሚመጣ ከሆነ፣ ካንዴላው ጥቁር ጥላሸት ከያዘና የመኪናው ኮምፒውተር ለሞተሩ የሚሰጠውን ነዳጅ ከ20 በመቶ በላይ እየቀነሰ ከሆነ፣ ያን ጊዜ ከማሽኑ የተሻለ ምስክር የለም። ያልተቃጠለ ቤንዚን አንድ ነገር ነው፣ የሚያመልጥ ቤንዚን ሌላ።

ሴትየዋን የጠየቃቸው ሽማግሌው መካኒክ ነበር፤ ኮፈን እንኳ ሳይከፍት።

«መቼ ነው የሚሸትዎት?»

«የሞላሁ ዕለት። ግማሽ ሲደርስ ይጠፋል።»

«ቀድሞ የሚናገረው ማነው?»

«ከኋላ የሚቀመጡት የልጅ ልጆቼ። እኛ ከፊት ብዙም አይሰማን።»

«አዲስ አበባ ሲሄዱስ?»

«ስወጣ ይብሳል። ስመለስ ደህና ነው።»

ከዚህ በላይ ምርመራ አያስፈልግም ነበር። ሲሞላ ብቻ የሚሸት ከሆነ ቀዳዳው ያለው በሳልባትዮው፣ ማለትም በነዳጅ ታንኩ፣ ላይኛው ክፍል ነው፤ ወይ የመሙያው ቱቦ፣ ወይ የትነት ቱቦዎቹ፣ ወይ የፓምፑ ክዳን። ከኋላ ወንበር ያሉት ቀድመው ካወቁት ደግሞ ፓምፑ ይጠረጠራል፤ ቪትዝ ላይ ያለው እነሱ ከተቀመጡበት ሥር ነው። የአዲስ አበባውም መንገድ የራሱን ይናገራል፤ አዳማ ወደ 1,600 ሜትር ላይ ናት፣ አዲስ አበባ ከ2,300 በላይ። ሲወጡ የውጭው አየር ግፊት እየቀነሰ ይሄዳል፤ በሳልባትዮው ውስጥ የታመቀው ትነት ባገኘው ክፍተት ይወጣል። ሲወርዱ ተቃራኒው ነው፤ አየር ወደ ውስጥ ይገባል እንጂ ሽታ አይወጣም። ሽታው ሞተር ጠፍቶ ከቆመ በኋላ ከፊት የሚመጣ ቢሆን ኖሮ ግን ነዳጅ ወደ ሞተሩ የሚረጨው ኢንጀክተር የጎማ ቀለበት (ኦሪንግ) ወይም የነዳጅ ቱቦ መጋጠሚያ ነበር የሚታየው።

የኋላ መቀመጫው ተነሣ፣ ምንጣፉ ተገለጠ፣ ክዳኑ ተከፈተ። የፓምፑ ዙሪያ አቧራ ሌላው ደረቅ ሆኖ በአንድ በኩል ብቻ ጠቁሮ ረጥቧል። ከቦሎኖቹ ሥር ደግሞ ቀይ ሲሊኮን ይታያል።

ታሪኩን ሲሊኮኑ ተናገረ። የፓምፑ ጎማ ቀለበት ዓመታት ቤንዚን ውስጥ ሲኖር ያብጣል። ከቦታው ከተነሣ በኋላ ተመልሶ በጎድጓዳው ልክ አይገባም፤ በግድ ሲጫኑት አንዱ ጎኑ ይቆነጠጣል። ፓምፑን የቀየረው ሰው አዲስ ቀለበት ማምጣት ሲገባው አሮጌውን መልሶ ክፍተቱን በሲሊኮን ሞላው። ተራ ሲሊኮን ቤንዚን አይችልም፤ ይለሰልሳል፣ ይላቀቃል፣ ፍርፋሪውም ወርዶ የፓምፑን ወንፊት ይዘጋል። የቤንዚኑ ጥራት ነው ያለውም ያው ሰው ነው።

ሳልባትዮው ከግማሽ በታች እስኪሆን ተጠበቀ። የፓምፑ ፊውዝ ተነቅሎ ሞተሩ ተነሣ፤ መስመሩ ውስጥ የቀረውን ጨርሶ ራሱ ጠፋ። እንዲህ ያለ ሞተር ወደ 3 ባር የሚጠጋ ግፊት ስለሚይዝ ይህን ዘሎ ቱቦ የሚነቅል ሰው ፊቱን ይታጠባል። ከዚያ የባትሪው ኔጋቲቭ ወለቀ፣ በሮቹ ሁሉ ተከፈቱ፣ የአምፖል መብራት ራቀ። የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል፣ ወለል ላይ ይተኛል፤ አየር ውስጥ 1.4 ከመቶ ከደረሰ አንዲት ብልጭታ ትበቃዋለች።

ሲሊኮኑ በፕላስቲክ ተፋቀ፤ በካቻቢቴ ቢፋቅ የሚቀመጥበትን ፊት ይቧጥጠዋል። አዲሱ ቀለበት ደረቁን ገባ፣ ቦሎኖቹም በመስቀል አቅጣጫ ተራ በተራ ጠበቁ። አንዱን እስከ መጨረሻ አጥብቆ ወደ ሌላው መሄድ ያንኑ ቁንጥጫ ይመልሳል። ከዚያ ታንኩ ተሞላ። ቀጂው እንዲያቆም የተነገረው መቅጃው ራሱ ቀጭ ሲል ነው፤ ከዚያ በላይ የሚጨመረው የታንኩን ትነት ወደሚይዘው የከሰል ማጣሪያ ገብቶ ሌላ ሽታ ይፈጥራል። በክዳኑ ዙሪያ የሳሙና አረፋ ተቀባ፤ አንድም አረፋ አልተነፋም።

መምህርቷ ሁሉን ቆመው ካዩ በኋላ ወደ ልጁ ዞሩ።

«እስቲ ማሽንህን ሰካው።»

ሰካው። «ኮድ የለም» አለ፣ ድምፁ ቀጥኖ።

«ጎሽ። አሁን ተስማማን።»

ከዚያ ወዲያ በጋራዡ ለሽታ የሚመጣ ሰው አስቀድሞ እንዲጠየቅ ተባለ፤ መቼ፣ የት፣ ማንን። ትንሽ ቆይተው ግን መምህርቷ ራሳቸው ወንድማቸውን ላኩ፤ የሳቸውም መኪና ቤንዚን ይሸታል። ሰውየው ገና ከበሩ «ኮምፒውተር አላችሁ አይደል?» አሉ። ጥያቄ ሲጀመርላቸው ፊታቸው ተለወጠ፤ ጋራዡ መሣሪያ የሌለው መሰላቸው። ማሽኑ ተሰካ፣ ኮድ የለም፣ የምርመራው ሒሳብ ተጻፈ። የኋላው ዕቃ ማስቀመጫ ሲከፈት ክዳኑ በፌስታል የተጠቀጠቀ ጀሪካን ተጋድሞ ነበር። ለዚያ አልተከፈለም።