ሽንኩርቱን የያዘልኝ ሚስማር

ባለፈው ሳምንት አዲስ አበባ ያለች አብሮ አደጌ በድምፅ መልእክት እንዲህ አለችኝ፦ «አንቺ ልጅ፣ አሜሪካ ቁጭ ብለሽ ዛሬም ሽንኩርት ትከትፊያለሽ? ማሽን የለም? ደግሞ በዚያ እጅሽ! ሠራተኛ አትቀጥሪም እንዴ?»

በፍቅር እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ሌሊቱን ሙሉ ሲከነክነኝ አደረ። ስለዚህ መልሱን ረዘም አድርጌ ልጻፍላት። ሌላም የሚጠይቅ አይጠፋም።

የሠራተኛውን ነገር በአጭሩ ልጨርሰው። እዚህ ሜሪላንድ በፈረንጆቹ ከ2024 ጀምሮ የአንድ ሰዓት ትንሹ ክፍያ 15 ዶላር ነው። ዶሮ ወጥ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ አንቺው ታውቂዋለሽ። ማሽኑም አለ። ክዳኑን ለመግጠም ግን ሁለት እጅ ይፈልጋል። ሽንኩርቱንም ውሃ ያደርገዋል።

እኔ ደግሞ የሚታዘዘኝ አንድ እጅ ነው ያለኝ። የዛሬ ሁለት ዓመት ስትሮክ መታኝ። ግራ እጄ አለ፣ ግን አይጨብጥም።

ሆስፒታል ሳለሁ ኦኩፔሽናል ቴራፒስት የሚሏት ባለሙያ ተመደበችልኝ። ሰው ቤቱ ከመመለሱ በፊት መልበስ፣ መታጠብ፣ ማብሰል ይችል እንደሆነ የምታይና የምታለማምድ ናት። አንድ ቀን እዚያው ሆስፒታል ውስጥ ወዳለች ትንሽ ወጥ ቤት ወሰደችኝና «እስቲ ዳቦ ላይ ቅቤ ቀቢልኝ» አለችኝ። ዳቦ! እኔ ዶሮ ገነጣጥዬ 12 ብልት የማወጣ፣ ለሠላሳ ሰው ደግሼ የማውቅ ሴት ነኝ። ቢላውን በቀኝ እጄ ያዝኩና ቀባሁ። ዳቦው ሸሸ። ደግሜ ቀባሁ፤ ደግሞ ሸሸ። በመጨረሻ ከሳህኑ ሾልኮ መሬት ወደቀ፣ በቅቤው በኩል ተደፍቶ። አፌ ሲጣመም ያላለቀስኩ ሰው፣ ያን ዕለት ለአንድ ቁራጭ ዳቦ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ።

ልጅቷ «አይዞሽ» እንኳ አላለችኝም። ጨርቅ አርጥባ ጨመቀችና ሳህኑ ሥር አነጠፈችው። ሳህኑ ቆመ። ቀጥላ አንድ መክተፊያ አመጣች። አንዱ ጥግ ላይ ከፍ ያለ ጠርዝ አለው፤ ዳቦው እዚያ ጥግ ሲገባ መሸሻ የለውም። በሌላው በኩል ሁለት የማይዝጉ ሚስማሮች ከሥር ወደ ላይ ወጥተዋል። ሽንኩርት ሰካችበትና ቢላውን ሰጠችኝ። ከተፍኩ። ሽንኩርቷ ንቅንቅ አላለችም።

ደሴ የነበረችው አክስቴ ያን ጊዜ ነው ትዝ ያለችኝ። ዳሌዋ ተሰብሮ ከተኛች በኋላ ቤተሰቡ ሁሉ «አንቺ ብቻ ተቀመጪ፣ እኛ አለንልሽ» አላት። «እስቲ ምስሩን እንኳ አምጡልኝ፣ ልልቀም» ትል ነበር። «ኧረ ተይ፣ አትድከሚ» እንላታለን። የተሰበረው ዳሌዋ ነው፤ እጇ ደህና ነበር። በገዛ ቤቷ እንደ እንግዳ ሳሎን ተቀምጣ ነው ያለፈችው። ማንም አልጠላትም። ግን ቢላውን ከእጇ የወሰድነው እኛ ነን። እኔም አለሁበት።

ፈረንጁ ደግሞ ተቃራኒው ነው። መሣሪያውን አሳይቶሽ፣ ፈገግ ብሎ፣ በር ድረስ ይሸኝሻል። ከዚያ በኋላ ብቻሽን ነሽ። ኢንሹራንሴ ለመክተፊያዋ አልከፈለም። ጎረቤቴ ስሜን አያውቀውም። የእኛ ሰዎች ሳይጠሩ መጥተው ፍሪጄን በወጥ ሞሉት፤ እግዚአብሔር ይስጣቸው። ግን እነሱም «አትንኪ» አሉኝ። ከወር በኋላ ሁሉም ወደየሥራው ተመለሰ፤ እኔም ከድስቱ ጋር ተፋጠጥኩ።

ከድስቱ ጋር የተማርኩት ብዙ ነው። ቀላል ድስት በአንድ እጅ ስታማስዪው አብሮሽ ይዞራል፤ ከባዱ የብረት ድስት በክብደቱ ይቆማል። ከባድ ነውና አላነሣውም። ምድጃው ላይ እንዳለ ውሃውን በኩባያ እጨምራለሁ፣ ወጡን በጭልፋ አወጣለሁ። የተቀቀለ እንቁላል እርጥብ ፎጣ ላይ ሲንከባለል ቅርፊቱ ይሰነጣጠቅና በአውራ ጣት ይላጣል። የድንች መላጫዬ እጀታው ወፍራም ላስቲክ ነው። ሳም ፋርበር የሚባል ሰው ሚስቱ በመገጣጠሚያ ሕመም ምክንያት መላጫ መያዝ ሲያቅታት አይቶ ያሠራው ነው፤ በፈረንጆቹ 1990 ኦክሶ በሚል ስም ገበያ ወጣ። ዛሬ ጤነኛውም ይገዛዋል።

የከፍታው ነገር ደግሞ አለ። የእናቴ ማድቤት ጉልቻው መሬት፣ መቀመጫው ዱካ ነበር። መቆም ለማይችል ሰው ምቹ ነው፤ ጉልበቱ ለማይታጠፍ ግን መከራ። እዚህ አገር የተለመደው የወጥ ቤት ጠረጴዛ 91 ሴንቲሜትር ገደማ ነው፣ ቆሞ ለሚሠራ ሰው። ለዊልቸር ተጠቃሚ በሚሠራ ወጥ ቤት ግን የሥራ ቦታው ከ86 መብለጥ የለበትም፤ ከሥሩም ለጉልበት ክፍት ይተውለታል። እኔ ምግብ ጠረጴዛዬ ላይ ትንሽ የኤሌክትሪክ ምድጃ አኑሬ ቁጭ ብዬ ነው የማቁላላው። እንጀራ ሳወጣም ሰፌዱን በተደራረቡ መጻሕፍት ላይ አስቀምጬ ከምጣዱ እኩል አደርገውና እየሳብኩ አሳልፈዋለሁ።

ለመምጣት የምታስቡ፣ ይቺን ስሙኝ። እኔ ሆቴል አልጋ ሳነጥፍ ሁለት ሺፍት እየሠራሁ ደም ግፊቴን ለዓመታት አልተለካሁም። ለሐኪም የሚሆን ቀን አጣሁ፤ ለዌስተርን ዩኒየን ግን አላጣሁም። ተለኩ። ከተከራያችሁ በኋላ አንድ ነገር ቢደርስባችሁ ደግሞ አከራዩን አትፍሩ። በፈረንጆቹ ከ1988 ጀምሮ የዚህ አገር ሕግ አካል ጉዳተኛ ተከራይ በራሱ ወጪ ቤቱን ለጉዳቱ እንዲያመቻች አከራዩ መፍቀድ አለበት ይላል። እኔ ይህን ሳላውቅ ግድግዳው ላይ አንዲት የእጅ መደገፊያ ለማስገጠም ስምንት ወር ፈርቼ ተቀመጥኩ።

ባለፈው ፋሲካ ዶሮውን ሠራሁ። ሱቅ ገነጣጥለው ሰጡኝ፣ የቀረውን በሙሉ እኔ። ፎቶውን ልኬልሻለሁ።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ፣ እህቴ። እናትሽ ግራ ጎናቸው ከደከመ ሁለት ዓመት ሆናቸው፤ ሳሎን ነው ያሉት። ሠራተኛ አለቻቸው፣ አንቺም አለሽላቸው። በሚመጣው ወር ከሚመጣ ሰው ጋር መክተፊያ እልክላቸዋለሁ። ሻንጣ ካልተገኘ ሰፈራችሁ ያለ አናጢም ይሠራዋል፤ ጣውላና ሁለት ሚስማር ነው፣ የማይዝግ መሆኑን ብቻ እይለት። እስከዚያው ግን ምስሩን በሰፌድ አድርጊና ጭናቸው ላይ አስቀምጪላቸው። ምስር ለመልቀም አንድ እጅ ይበቃል።