ከሐዋሳ ኮፈሌ፣ በጓደኛዬ ዱካ

ጓደኛዬ ከሐዋሳ ኮፈሌ በብስክሌት ደርሶ መመለሱን ያላወራው ለሐይቁ ዳር ጉሬዛዎች ብቻ ነው። ለእነሱም አልነገራቸውም ብዬ አልምልም።

ሐዋሳ ውስጥ ብስክሌት መንዳት ማንንም አያኮራም፤ ከተማው ሜዳ ነው። የሚያኮራው ሻሸመኔን አልፎ ወደ ምሥራቅ መውጣት ነው። እኛ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጠናል፤ ኮፈሌ ከ2,600 ሜትር በላይ ነው። ጓደኛዬ ይህን ሁሉ ከፍታ በሁለት እግሩ እንደወጣው ሲተርክ፣ «ዋናው ትንፋሽ መቆጠብ ነው» ይል ነበር፤ ዓይኑን ጨፈን አድርጎ። በመጨረሻ ሰለቸንና «እንግዲያውስ መንገዱን ላክልን» አልነው። ፋይሉን በቴሌግራም ላከልን።

ጂፒኤክስ የሚባለውን ፋይል ለማታውቁ፦ ስልኩ ከሳተላይት በሚያገኘው ምልክት ያላችሁበትን ቦታ፣ ከፍታውንና ሰዓቱን ነጥብ በነጥብ ይመዘግባል። ሌላው ሰው ፋይሉን በካርታ ላይ ሲከፍት የሄዳችሁበት ዱካ መስመር ሆኖ ይታየዋል። ስልኩ የሚመዘግበው የት እንደነበራችሁ ነው፤ በምን እንደሄዳችሁ አይጠይቅም። ይህችን ነገር ያዙልኝ።

«ፀሐይ ሳይበረታ፣ እኔ በተነሣሁበት ሰዓት ተነሡ» ብሎን ነበር። ከመካከላችን የኮምፒውተር ባለሙያ የሆነው ፋይሉን ከፍቶ የመጀመሪያዋን ነጥብ አነበበ፤ 03:00 ትላለች። «ጠዋት ሦስት ሰዓት!» ብሎ አወጀ። ባለሙያ ተናግሮ ማን ይከራከራል? ፋይሉ ግን ሰዓት የሚጽፈው በዓለም አቀፉ አቆጣጠር ነው። ወደ ኢትዮጵያ ሲመጣ ሦስት ሰዓት ይጨመርበትና 6:00 ይሆናል፤ እሱም በእኛ አቆጣጠር ጠዋት 12 ሰዓት ነው። ይህ ሁሉ ስሌት የተገለጠለት ጥቁር ውሃን ተሻግረን፣ ላብ ዓይናችን ውስጥ መግባት ከጀመረ በኋላ ነው።

እስከ ሻሸመኔ ያለውን መንገድ አላወራም፤ ከባጃጅና ከአህያ ጋር መጋፋት ነው። ከሻሸመኔ በኋላ ያለው ዳገት ግን ይወራለታል። አያስደነግጥም፤ ዝም ብሎ አያልቅም። የመጨረሻውን ማርሽ አስገብቼ ፔዳሉን በጉልበቴ ሳይሆን በጸሎት አዞራለሁ። ካባ የደረቡ አንድ አዛውንት በፈረስ ደረሱብን፤ ትንሽ አብረውን ሄዱና አዘኑልን መሰለኝ፣ «አይዟችሁ» ብለው አለፉን። ፈረሱ እንኳ አላለከለከም። እኔ በልቤ ጓደኛዬን ይቅርታ እየጠየቅሁ ነበር። «ይህን የወጣ ሰው ቢያወራስ ምን አለበት!»

ነፋሱ እየቀዘቀዘ፣ የገብሱ ማሳ እየሰፋ ሲሄድ መስመሩ በድንገት ከአስፋልቱ ወጥቶ ወደ ግራ ታጠፈ። ጭቃ ነው። አቋራጭ ይሆናል ብለን ብስክሌቶቻችንን እየገፋን ገባን። መስመሩ አንድ ግቢ በር ላይ ደረሰና ዘልቆ ገባ፤ እኛም ተከትለነው ገባን። ውስጥ እስከ ጣሪያ የተከመረ የድንች ጆንያ አለ። ውሻ ጮኸብን። ባለቤቱ ወጥተው እኛንም ብስክሌቶቻችንንም በየተራ አዩ።

«የዛሬው መኪና የታለ?» አሉ።

«የምን መኪና፣ አባቴ?»

«ያኛው ልጅ በአይሱዙ ነበር የመጣው። ድንች ሊጭን ባዶውን ከሚወጣው መኪና ላይ። ጋቢናው ሞልቶበት ከኋላ ቆሞ፣ ብስክሌቱን እንደ ሕፃን አቅፎ። ብርድ መትቶት ነበር፤ ተሻለው?»

የኮምፒውተር ባለሙያው መሬት ላይ ተቀመጠ። እኔ መሳቅ ፈልጌ ትንፋሽ አጣሁ። ሰውየው እንግዳ አይመልሱም፤ ትኩስ ወተት አስመጡልንና እሱን እየጠጣን የጓደኛችንን ጤንነት በሰፊው ተወያየንበት።

ማታ ቤት ገብቼ ፋይሉን በደንብ አየሁት። ከሻሸመኔ መውጫ ጀምሮ ሽቅቡን በሰዓት 48 ኪሎ ሜትር እየበረረ ነው። ድንቹ ግቢ ውስጥ እስኪጫን ድረስ ቆሟል፤ ነጥቦቹ አንድ ቦታ ላይ ተከማችተዋል። ከዚያ ቁልቁለቱን በብስክሌት ወርዷል። እሱን አንነፍገውም።

በማግስቱ ቡድናችን ውስጥ ከፍታውንና ፍጥነቱን በሥዕል አድርጌ ለጠፍኩት። ለረጅም ጊዜ ጸጥ አለ። በመጨረሻ እንዲህ ሲል ጻፈ፦ «የጠየቃችሁኝ መንገዱን ነው፤ መንገዱ ደግሞ ትክክል ነው። በምን እንደሄድኩ የጠየቀኝ አለ?»

ጉልበቱን በቅባት እያሸ የነበረው የኮምፒውተር ባለሙያ ወዲያው መለሰለት፦ «አሁን እየጠየቅን ነው። የሹፌሩን ስልክ ላክልን።»