ከፀሐይ ነፋስ እስከ አዲስ አበባ ሰማይ

የፀሐይ ማዕበል በተነሣ ቁጥር ብዙዎች የሚጠይቁኝ ስለ ነፋሱ ፍጥነት ነው፤ እኔ ግን የሳተላይት መረጃ ስከፍት አስቀድሜ የምመለከተው የመግነጢሳዊ መስኩን አቅጣጫ ነው። የፀሐይ ነፋስ፣ ማለትም ከፀሐይ ያለማቋረጥ የሚፈልቀው የኤሌክትሪክ ሙል ያላቸው ቅንጣቶች ጎርፍ፣ የፀሐይን መግነጢሳዊ መስክ ይዞ ስለሚጓዝ፣ ከምድር ሆነን ስንለካው የኤሌክትሪክ መስክም አለው፤ መጠኑ የሚገኘው ፍጥነቱን በመግነጢሳዊ መስኩ በማባዛት ነው። በሰከንድ 400 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ወደ ደቡብ የዞረ 5 ናኖቴስላ መግነጢሳዊ መስክ ቢይዝ፣ በአንድ ሜትር 2 ሚሊቮልት ብቻ ይሆናል። ኢምንት ይመስላል፤ ነገር ግን በማግኔቶስፌሩ፣ ማለትም የምድር መግነጢሳዊ መስክ በሚገዛው የኅዋ ክልል፣ 200 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ሲሰላ 400 ኪሎቮልት ይደርሳል። ግንቦት 2 ቀን 2016 ዓ.ም ምሽት በተነሣው ታላቅ ማዕበል ፍጥነቱ 700 ኪሎ ሜትር፣ ወደ ደቡብ የዞረው መስክ ደግሞ ከ40 ናኖቴስላ በላይ ስለነበር፣ በዚያው ስሌት በሜትር 28 ሚሊቮልት አገኘሁ።

ይህ ሁሉ የኤሌክትሪክ መስክ ወደ ማግኔቶስፌሩ ውስጥ አይዘልቅም። የፊዚክስ ሊቁ ጄምስ ደንጊ እ.ኤ.አ. በ1961 እንዳስረዱት፣ ወደ ደቡብ የዞረው የነፋሱ መግነጢሳዊ መስክ በማግኔቶስፌሩ ፊት ወደ ሰሜን ከሚያመለክተው የምድር መስክ ጋር ሲገናኝ መስመሮቹ ተቆርጠው እንደገና ይያያዛሉ፤ በተለመደው ጊዜ ከኤሌክትሪክ መስኩ ከአሥር እስከ ሃያ በመቶ የሚሆነው የሚገባውም በዚህ መንገድ ነው። የነፋሱ መግነጢሳዊ መስክ ወደ ሰሜን ሲዞር ግን መግቢያው በእጅጉ ይጠባል።

ከሁሉ የሚያስደንቀኝ የገባው መስክ ወደ እኛ የሚደርስበት ፍጥነት ነው። ነፋሱ 1.5 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ርቀው ከሚጠብቁት ሳተላይቶች እስከ ምድር አንድ ሰዓት ያህል ይወስድበታል፤ የኤሌክትሪክ መስኩ ግን ከዋልታዎቹ አዮኖስፌር (ኤሌክትሪክ ከሚያስተላልፈው የላይኛው የአየር ንብርብር) እስከ መግነጢሳዊው ወገብ በደቂቃዎች ውስጥ ይሰማል። ጃፓናዊው የፊዚክስ ሊቅ አትሱሂሮ ኒሺዳ እ.ኤ.አ. በ1968 በዋልታና በወገብ አካባቢ የተመዘገቡት የምድር መግነጢሳዊ መስክ መዋዠቆች ከነፋሱ መግነጢሳዊ መስክ ለውጥ ጋር አብረው እንደሚሄዱ አሳይተዋል። ያ ወገብ የሚያልፈው በኢትዮጵያ ነው፤ በእርሱ ላይ የተንጠለጠለ የመግነጢስ መርፌ ጫፉ ወደ መሬት ሳያዘነብል አግድም ይተኛል። ከዚያ በላይ፣ 105 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ቀን ቀን ወደ ምሥራቅ የሚፈስ ብርቱ የኤሌክትሪክ ጅረት አለ።

እ.ኤ.አ. ከ1958 ጀምሮ የሚመዘግበው የአዲስ አበባ መግነጢሳዊ ጣቢያ የሚለካውም በዚህ ጅረት ሥር ሆኖ ነው። በቀትር የነፋሱ መግነጢሳዊ መስክ ወደ ደቡብ ሲዞር ጅረቱ ይጠነክራል፣ የመዝገቡም መስመር ሽቅብ ይወጣል፤ በድንገት ወደ ሰሜን ሲመለስ ግን የገባውን መስክ ለመመከት በማግኔቶስፌሩ ውስጥ የተጠራቀመው ተቃራኒ የኤሌክትሪክ መስክ ብቻውን ስለሚቀር፣ መስመሩ ቁልቁል ይወርዳል፣ አንዳንዴም ጅረቱ ራሱ ወደ ምዕራብ ይገለበጣል።