ሁለት የድሬዳዋ ማኅበራት ሲዋሃዱ የተማርኩት

በጅቡቲ መስመር በጭነት ማመላለሻና በትራንዚት ሥራ የተሰማሩ፣ አንዱ ከዚራ ሌላው መጋላ በተባሉ የድሬዳዋ ሰፈሮች የሚገኙ ሁለት ኃላፊነታቸው የተወሰነ የግል ማኅበራት ሲዋሃዱ በሕግ አማካሪነት አብሬያቸው ሠርቻለሁ።

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ውህደት ከመፈጸሙ በፊት እንዲገለጽ ያዛል፤ የሚመረመረውም በንግድ ውድድር ላይ ጉልህ ጉዳት ያስከትል እንደሆነ ነው። ሥልጣኑ ወደ ንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ስለተዛወረ ማመልከቻችንን ያቀረብነው ለዚያው ነበር። የተከራከርነው ገበያው ድሬዳዋ ብቻ ሳይሆን የአዲስ አበባ ድርጅቶችም የሚሠሩበት ጠቅላላው የጅቡቲ መስመር መሆኑን ነው፤ በዚህ ልክ ሲታይ የሁለቱ ድርሻ አነስተኛ ነበር።

የከበደው የዕዳው ጉዳይ ነው። በ2013 የወጣው የንግድ ሕግ የገንዘብ ጠያቂዎችን፣ ማለትም የአበዳሪዎችን፣ መብት ይጠብቃል፤ የመጋላው ማኅበር ግን ጎማና መለዋወጫ ለዓመታት ሲወስድ የኖረው በቃል ብቻ ነበር። በነጋዴው ዘንድ ስለ አንድ ድርጅት ማስታወቂያ ወጣ ማለት ድርጅቱ ከሰረ ማለት ስለሆነ፣ ውህደቱ ይፋ ከመደረጉ በፊት ከመሥራቹ ጋር ሆነን አበዳሪዎቹን አንድ በአንድ በየሱቃቸው አነጋገርናቸው፤ ይህን በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማልኛ ማስረዳት ነበረብን። አንድ አረጋዊ ነጋዴ፣ «ልጄ፣ እኔ ያበደርኩት ለሰውዬው ነው፤ አዲሱን ማኅበር አላውቀውም» አሉኝ። ዕዳው ወደ አዲሱ ማኅበር እንደሚተላለፍ ሕጉን ጠቅሼ ባስረዳቸውም የፈለጉት ሌላ ዋስትና ነበር። ስለዚህ ዕዳው ሁሉ በጽሑፍ እንዲታመን፣ መሥራቹም በሥራ አመራሩ ውስጥ እንዲቆዩ በስምምነቱ ላይ አሰፈርን። እኔ እንደማምነው ከአበዳሪዎቹ ተቃውሞ ያልቀረበው በዚህ ምክንያት ነው፤ ይህ ሥራ ከማመልከቻው ሁሉ የበለጠ ዋጋ ነበረው።

የሥራ ሰዓትም አከራክሯል። መጋላዎቹ በቀትር ሙቀት ዘግተው አመሻሹ ላይ ይከፍታሉ፤ ከዚራዎቹ ያለማቋረጥ ይሠራሉ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ድርጅቶች በመቀላቀላቸው የሥራ ውል እንደማይቋረጥ ስለሚደነግግ የአንዱን ልማድ በሌላው ላይ መጫን አልፈለግንም። ሁለቱ ቢሮዎች በየሰዓታቸው ቀጠሉ፤ የጉምሩክ ሰነድ የሚከታተሉት ሠራተኞች ብቻ በፈቃዳቸው በፈረቃ ይሠራሉ።